አራተኛ አልሰፍርም

መጋዙን ሸጥኩት። ገዢው ከኬኔሶ የመጣ ጢማም ነጭ ልጅ ነው። ፒካፑ ኋላ ትሬለር አስሮ መጣና ባንድሶውን፣ ግንድ መሰንጠቂያ ማሽኑን፣ እንዳለ ጭኖት ሄደ። ከመሄዱ በፊት ቀና ሲል ጣሪያው ሥር የተጋደሙትን ወፋፍራም የኦክ ጣውላዎች አየ።

«እነዚያስ ስንት ናቸው?» አለኝ።

«አይሸጡም።»

«ጥሩ ዋጋ እሰጥሃለሁ።»

«የሬሳ ሳጥኔ ናቸው» አልኩት።

ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አየና ተወው። ልጄ ብሩክ አጠገባችን ቆሟል። እሱ አልሳቀም። መሬት መሬት ያይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሥራ የለኝም። ሪታየር አድርገሃል ይሉኛል። የእድራችን ሰዎችም «ጋሼ አያሌው፣ አሁን ጊዜ አለዎት፣ የሥራ ዘመንዎን ይጻፉልንና በዓመቱ መጽሔት እናውጣው» አሉኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። ያማረ ነገር አትጠብቁ። የምጽፈውንም ሁላችሁ አትወዱትም። ካወጣችሁት እንዳለ አውጡት፤ ካልሆነ ተዉት።

እኔ ሦስት ጊዜ የሰፈርኩ ሰው ነኝ። ኢሉባቦር ጫካ፣ ሱዳን ድንኳን፣ ከዚያ አትላንታ። አንዱንም መርጬው አይደለም።

የመጀመሪያው ከወሎ ነው። ድርቁ ከብቱንም ሰዉንም ሲጨርስ የመንግሥት ካሚዮን መጣና ጫነን። ወዴት እንደምንሄድ የነገረን የለም። መንገድ ላይ ነው ካድሬው «የምትሄዱበት ባዶ መሬት ነው፣ ለም ነው፣ የሚጠብቀው ሰው ብቻ ነው» ያለን። ደረስን። ሰማይ የማይታይበት ጫካ ነው። ለእያንዳንዳችን መጥረቢያ ሰጡን።

ባዶ አልነበረም። ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ቀፎ ካለ ሰው አለ፣ ይሄን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። የአገሩ ሰዎች ጫካው ዳር ቆመው ያዩናል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብሎ በአስተርጓሚ «ይሄ ዛፍ የእኔ ነው፣ ያኛው የወንድሜ ነው» አለ። ካድሬው «ዛፍ የመንግሥት ነው» አለው። ቆረጥነው። ማሩ መሬት ላይ ፈሰሰ፤ ልጆቻችን ከነቅጠሉ ላሱት። ሽማግሌው ወደ ጫካው ተመለሰ። ፊቱን እስካሁን አውቀዋለሁ።

የሰፈራ ጣቢያችን አጠገብ የመንግሥት እንጨት መሰንጠቂያ ነበር። ክንዴን አይተው እዚያ አስገቡኝ። ሥራ ያልኩት ነገር የጀመረው ያን ጊዜ ነው። ያስተማረኝም ጋሽ ደምሴ ነው።

ጋሽ ደምሴ የመጋዙ ኃላፊ ነበር። አጭር፣ ደረቅ፣ አንድ ጆሮው በሞተር ጩኸት የደነቆረ ሰው። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ክቡን መጋዝ ከሚስማር ላይ ሰቅሎ በእንጨት መዶሻ ዙሪያውን ቀስ እያለ ይመታዋል። ደህናውን ጆሮውን ያስጠጋል። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁም ቢሆን አይናገርም። ጤነኛ መጋዝ ድምፁ ይረዝማል፤ የተሰነጠቀ መጋዝ ቶሎ ይሞታል። እሱ የሞተውን ድምፅ ሲሰማ ጣቱን ጥርሱ ላይ ያስኬድና እዚያው ላይ ያቆማል። ዓይን የማያየው ስንጥቅ ነው። እኔ ብዙ ጊዜ አልሰማኝም ነበር።

«ምን ሰማህ አንተ ወሎዬ?» ይለኛል።

«ብረት ነዋ፣ ጋሼ።»

«ብረት ነው ይላል እንዴ! ይሄ ብረት ነገ እጅህን ይዞ ቢሄድስ? እንደገና ስማ።»

ሞረድ ሲይዝም እንደዚያው ነው። ጥርሱን ወደ ፊት ብቻ ይሞርዳል፤ ወደ ኋላ የጎተተ ሰው ካየ ሞረዱን ነጥቆ ያባርራል። ሁሉም ጥርስ እኩል ካልሆነ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ይጋልባል፣ ጣውላው ማዕበል ሆኖ ይወጣል። ከምሳ በኋላ ሞርዶ አያውቅም። «የጠገበ ሰው እጁ ይዋሻል» ይል ነበር።

አንድ ሌላ አመል ነበረው። በየወቅቱ ከወረደው ግንድ ሁሉ ያማረውን ዋንዛ ይመርጥና ለራሱ ቀጭን ቀጭን ጣውላ ይሰነጥቃል። በየመሃሉ ሽመል እያስገባ ንፋስ እንዲገባው አድርጎ ጣሪያው ሥር ይደረድረዋል። ሥራ አስኪያጁ ያውቃል፣ ግን አይናገረውም።

«ለምንዎ ነው?» አልኩት አንድ ቀን።

«ለሳጥኔ። ስሞት ሰው እንዳይጨነቅ።»

ወባው ገባ። ሰፋሪው እንደ ቅጠል ረገፈ። ሰዉን በሰሌን ጠቅልለን ነበር የምንቀብረው፤ በኋላ ሰሌኑም አለቀ። አንዲት ሴት በወሊድ ከነልጇ ሞተች። ባልየው ነጠላዋን ይዞ መሰንጠቂያው በር ላይ ቆመ፤ ምን እንደሚጠይቅ እንኳ አላወቀም። ጋሽ ደምሴ መሰላል አምጡ አለ። ጣውላውን አወረደና በራሱ እጅ ሳጥን መታላት። በሚቀጥለው ወቅት ለራሱ ሌላ ሰነጠቀ። እሱንም ለሌላ ሰው አወረደው። እንዲህ ሲል ኖረ። አንድ ጊዜ ብዙ ሰው ቀብረን ስንመለስ እንዲህ አለኝ፦

«ሰፋሪ ይሏችኋል አይደል? ሙታችሁ እዚህ ሲበዛ ያን ጊዜ ይሄን ስም ይተዉታል። ሰዉም ይተዋል፣ እናንተም ትተዋላችሁ።»

ይሄን ቃል አመንኩት። ሥራዬን ያበላሸብኝ ይሄ ቃል ነው።

የሰፋሪዎች ማኅበር ሊቀመንበር ሆንኩ። ለምን እኔን እንደመረጡኝ ልንገራችሁ፤ ድምፄ ከመጋዙ በላይ ይሰማ ስለነበር ነው። ሌላ ምክንያት የለውም። ግን ሠራሁ። መቃብሩን አሳጠርኩ፣ ዙሪያውን ጥድ አስተከልኩ፣ ከአገሩ ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጬ ቀፎ ያለበት ዛፍ እንዳይነካ አስማማሁ። ዘግይቶ ነበር። መንግሥት ሲወድቅ «አገራችሁ ግቡ» ተባልን። ከእኛም ሰው ሞተ፣ ከእነሱም ሞተ። አልፈርድባቸውም፤ ቤታቸው ነው። የተከልነው ጥድ ግን ጉልበታችን ድረስ እንኳ ሳይደርስ ጥለነው ወጣን። መቃብሩንም እንደዚያው።

ጋሽ ደምሴ ከእኛ ጋር ወጣ። ወደ ሱዳን ስንሄድ መንገድ ላይ በትኩሳት ሞተ። ጣውላው መሰንጠቂያው ጣሪያ ሥር ቀርቷል። ለስንቱ ሳጥን የሰጠ ሰው በለበሰው ጋቢ ብቻ ጉድጓድ ገባ። ቦታውን አሁን ውሰዱኝ ብትሉኝ አላገኘውም።

ሱዳን ብዙ ዓመት ተቀመጥን። ስለሱ የምጽፈው የለኝም፤ ሥራ የለም፣ መስመር ላይ ቆሞ ዱቄት መቀበል ነው። ከባለቤቴ ከትርንጎ ጋር የተጋባነው በሰፈራ ጣቢያው ነው፤ ብሩክ የተወለደው ሱዳን ድንኳን ውስጥ ነው። ከዚያ ለአሜሪካ ስማችን ወጣና አትላንታ አጠገብ ያለችው ክላርክስተን አመጡን።

መጀመሪያ ዶሮ ፋብሪካ ገባሁ። ከዚያ ኢስት ፖይንት የሚባል ቦታ ፓሌት፣ የዕቃ መደርደሪያ እንጨት፣ የሚመታበት ቤት አገኘሁ። ቀኑን ሙሉ እርጥብ የፓይን ጣውላ ላይ ሚስማር መተኮስ ነው። እንጨቱ ሲያለቅስ ይታየኛል፤ ሱፐርቫይዘሩ ግን ከ«ፍጠን» ሌላ አያውቅም። ደሞዙ ቤት ኪራይ ይከፍላል፣ በቃ። ከዓመታት በኋላ አሮጌ ባንድሶው ገዛሁና ከአንድ ጋራዥ ጀርባ ቦታ ተከራየሁ። ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ማዕበል የጣለውን ግንድ ያመጡልኛል፣ እኔ እሰነጥቃለሁ።

የአትላንታ ዛፍ ጫካ ያደገ አይደለም። ሰው ጓሮ ያደገ ነው። ሰው ጓሮ ያደገ ዛፍ ሆዱ ብረት ነው። የልብስ ማስጫ ገመድ የታሰረበት፣ አጥር የተመታበት፣ የጠፋ ውሻ ፎቶ የተለጠፈበት ሚስማር ሁሉ እውስጥ ይቀራል፤ ዛፉ ሥጋ ያለብሰዋል። በማሽን ይፈተሻል፤ ጠልቆ የገባውን ግን ማሽኑ አያገኘውም። ኦክ ከሆነ የግንዱን ጫፍ አያለሁ። ብረት ያለበት ኦክ እንደ ቀለም የጠቆረ ሰማያዊ ነጥብ ያወጣል። ያን ካየሁ ከዚያ በኩል አልገባም። አንዴ ከአቮንዴል እስቴትስ ሰፈር የመጣ ትልቅ ኦክ ነጥቡን ደብቆብኝ መሃሉ ላይ የዥዋዥዌ ሰንሰለት ነበር። መጋዙ እንደ እባብ ተበጥሶ ወጣና ጣሪያውን መታ። ያን ቀን ጋሽ ደምሴ ቢኖር ሞረዱን ይነጥቀኝ ነበር።

እኔም እንደሱ ለራሴ ጣውላ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ቀይ ሴዳር ነው፣ ሽታው የኛን ጥድ ይመስላል። ትርንጎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሆቴል ላውንደሪ ሥራዋ ወጥታ ምሳ ታመጣልኛለች። ሰጋቱራው ላይ ትቀመጥና ቀና ብላ ታያለች።

«አንተ አልጋህን አነጠፍክ። የእኔስ?»

«አንቺ መች ትሞቺና።»

«እሱስ እውነትህን ነው። አንተን ቀብሬ ነው የማርፈው፣ ይሄን ጩኸት።»

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። ሁላችሁም የምታውቁትን ነው የምጽፈው፤ የማያውቅ አንባቢም ስላለ።

የእኛ እድር ሰው ሲሞት አዋጥቶ ሬሳውን አገር ቤት ይልካል። ደንቡ ነው። ይመር የሚባል ከእኔ ጋር ከወሎ በአንድ ካሚዮን የተጫነ ሰው ነበር። እዚህ ታክሲ ይነዳ ነበር፤ ዘመድ አልነበረውም፣ ሁሉም በድርቁ አልቀዋል። ሞተ። ደንቡ ነውና ላክነው። አውሮፕላኑ የሚያርፈው አዲስ አበባ ነው፤ ይመር አዲስ አበባን በሕይወቱ ረግጦ አያውቅም። የሚቀበለው ሰው ጠፍቶ ሬሳው እዚያው ቆየ። በኋላ የማያውቁት ሰዎች ቀበሩት። ቄሱ ስሙን ከወረቀት ላይ አንብበው ነው የፈቱት። እኛ የምናውቀው ሁሉ እዚህ ተቀምጠን ነበር።

ያን ጊዜ ተነሳሁ። ለሰብሳቢነት ልወዳደር አልኩ። ትርንጎ «ደግሞ ሊቀመንበርነት አማረህ?» ብላ ሳቀችብኝ፤ ከዚያ ግን ከእኔ እኩል ቤት ለቤት ዞረች። በሽሮ ቤቱ፣ በነዳጅ ማደያው፣ በቤተ ክርስቲያኑ ፓርኪንግ ቆሜ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምለው፤ የመቃብር ቦታ እንግዛ፣ እዚሁ እንቀበር፣ ልጆቻችን አበባ ይዘው የሚመጡበት ቦታ ይኑር። ሰው ፖለቲከኛ አለኝ። ይበል። መረጣችሁኝ። ከከተማው ወጣ ብሎ ፓይን ካለበት መቃብር አንድ ሙሉ ረድፍ ያዝን፣ በየዓመቱ እየተከፈለ። አጨበጨባችሁ።

ከዚያ ሰው ሞተ። ቤተሰቡ ጋ ሄድኩ። «ቦታ አለን» አልኩ። «ጋሼ፣ ጥሩ ነገር ነው የሠሩት፣ ግን እማዬን ብቻዋን የመጀመሪያ አናደርጋትም» አሉኝ። ላኩ። ሌላ ሞተ። «ሌላ ሰው ይጀምርና እንከተላለን።» ላኩ። ሁሉም ቦታውን ይወዳል፤ የመጀመሪያ የሚሆን ሬሳ ግን የለም። ማን ሬሳውን ብቻውን ባዳ መሃል ትቶ ይተኛል? እኔም ይገባኛል። ረድፉ ሣር ብቻ ሆኖ ተቀመጠ።

ትርንጎ ታመመች። ኩላሊቷ ነው። ሆስፒታል ሳለች ብሩክ በሌለበት እጄን ያዘችኝ።

«አያሌው፣ ማንም አልጀመረም አይደል?»

«ተይ አሁን።»

«እኔ ልጀምርላችሁ። አንድ ሰው ካለ ይመጣሉ። የሚጠሉት ባዶውን ነው እንጂ ሰው ያለበትን አይደለም።»

«ትርንጎ፣ ብቻሽን...»

«ለጊዜው ነዋ!» አለችኝ፣ ተቆጥታ።

ሴዳሩን አወረድኩ። ለእኔ ቁመት የተሰነጠቀ ስለሆነ ማሳጠር ነበረብኝ። ሚስማር አልመታሁበትም፣ በእንጨት ችንካር አያያዝኩት። በሕይወቴ እንደዚያ ለስልሶ የወጣ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ስታዩት «ጋሼ፣ እንዴት ያምራል» አላችሁኝ። ተሸከማችሁት። ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ የእድሩ ምክትል ወንድወሰን ነበር፤ ቤት አሻሻጩ። እንደ ልጅ አለቀሰ። «የእኔም ቦታ ከጎናቸው ነው ጋሼ» አለኝ፤ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ጠበቅኩ። ሰው በሞተ ቁጥር፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ «ለትርንጎ ጎረቤት መጣላት» እል ነበር። አንድም አልመጣም። «ሌላ ሰው ይጀምር» ያሉኝ ሰዎች አሁን ምክንያታቸው ሌላ ሆነ፤ እናት አለች፣ እህት አለች፣ አገር ቤት ይጠብቃሉ። የወንድወሰን አባት እዚሁ ሞቱ። ላካቸው። እኔን ቀና ብሎ አላየኝም።

ከዚያ ሚቲንግ ተጠራ። ወንድወሰን ነው የተናገረው። ልጁ ጨዋ ነው፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም።

«ጋሼ አያሌው አባታችን ናቸው፣ ክብራቸው እንዳለ ነው። ግን እንነጋገር። በየዓመቱ እየከፈልን ያለነው ለባዶ መሬት ነው።»

ተነሳሁ። «ባዶ አይደለም» አልኩ። «ሚስቴ አለች።»

ወንድወሰን ጎንበስ አለልኝ።

«እሳቸውን ማለቴ አይደለም ጋሼ፣ ይቅርታ። የእሳቸው ቦታ አይነካም፣ እድሩ ይከፍላል። ሌላውን ረድፍ ነው።»

«እሷን እኮ እናንተ ትመጣላችሁ ብዬ ነው ያስተኛኋት!»

«ጋሼ፣ እኛ አላስገደድንዎትም።»

«አንተስ አፈር እያለበስክ ምን አልከኝ?»

«ሰው ለቅሶ ላይ ብዙ ይላል ጋሼ» አለኝ። ከኋላ አንዱ «በቃ ቮት ይደረግ፣ ፓርኪንጉ ይዘጋብናል» አለ። ሰው ሳቀ። በክፋት አይደለም፤ ደክሞት ነው።

እጅ ወጣ። ረድፉ ይመለስ የሚለው አሸነፈ። ሳጥኗን የተሸከሙትን አንድ በአንድ አየኋቸው። እጃቸው ከላይ ነበር። ሦስተኛው ወንበር ላይ ልጄ ብሩክ ተቀምጧል። የእሱም እጅ ከላይ ነበር።

ሰብሳቢነቱን እዚያው አስረከብኩ። ከጎኗ ያለውን አንዱን ቦታ በራሴ ገንዘብ አስቀረሁ፤ ሌላውን የመቃብሩ ባለቤቶች ለሌላ ሸጡት። አሁን ዙሪያዋን የማላውቃቸው ሰዎች ናቸው። ጥሩ ሰዎች ይሆናሉ። ልጆቻቸው አበባ ያመጣሉ። እኔ ስሄድ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ሰላም ይሉኛል። በአማርኛ የተጻፈው ድንጋይ ግን የእሷ ብቻ ነው።

እንግዲህ መጋዙን የሸጥኩ ቀን የሆነውን ልጨርስ። የኬኔሶው ልጅ ከሄደ በኋላ ብሩክን «ና፣ አንዱን አውርደን ደርቆ እንደሆነ እንየው» አልኩት። መጋዙ ላይ የሰነጠቅኩት የመጨረሻ ግንድ ነው፣ ነጭ ኦክ። አባትና ልጅ ሆነን ጫፍና ጫፍ ይዘን ስናወርድ ክብደቱ አጎነበሰው። እኔንም እንደዚያው።

«አባዬ፣ ምን አስበህ ነው እንዲህ ያወፈርከው? ለሳጥን ቀጭን ነው ትል አልነበር?»

«ጋሽ ደምሴ ያሳሳው ለተሸካሚ እንዲቀል ነው። እኔ ያወፈርኩት አውሮፕላን እንዳይችለው ነው።»

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከትርንጎ ወዲህ አብረን ስንስቅ የመጀመሪያችን ሳይሆን አይቀርም። ከዚያ ጣውላውን እየዳበሰ ቀስ ብሎ አለኝ፦

«አባዬ፣ አውሮፕላን ሲጭኑ ሳጥኑን ይቀይሩታል እኮ።»

አላሰብኩትም ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት እንጨት ሳስብ ይሄን አላሰብኩም።

«እኔ አልዋሽህም» አለኝ። «ሥራዬ ወደ ቴክሳስ ሊያዛውረኝ ነው። እዚህ ማን ይቀራል? እናንተን እዚህ ትቼ መሄድ አልችልም። የአንተ ቀን ሲደርስ እማዬንም አስነስቼ አንድ ላይ ነው የምወስዳችሁ፣ አገራችሁ።»

«የትኛው አገር?»

ጣውላውን መዳበሱን ቀጠለ። ሱዳን ድንኳን ውስጥ የተወለደ ልጅ ነው።

«ብሩክ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ሰፍሬያለሁ። አራተኛ አልሰፍርም።»

«አባዬ» አለኝ፣ እያባበለኝ፣ «ያን ጊዜ ማን ይጠይቅሃል?»

ክፉ ልጅ አይደለም። እውነቱን ነው። የመጀመሪያው ካሚዮን ላይ ሲጭኑኝም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

«በል ያዝ» አልኩት። ጣውላውን መልሰን ሰቀልነው።